የሙሉሽ ቆጣሪ

ሙሉሽ መብራት ትጠላለች። ጨለማ ትወዳለች ማለቴ አይደለም፤ ጨለማንማ ትፈራለች። የምትጠላው ሌላ ሰው ቤት የበራውን ነው። ጂንካ ውስጥ፣ ከአሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ ጀርባ ባለው ሰፈር፣ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ግቢዋ መሃል ቆማ «ማነው ያበራው? ገና ሰው ከሰው ይተያያል እኮ!» ብላ ስትጮኽ የማያውቃት የለም። እንግዳ ሰው ሽንት ቤት ገብቶ መብራት ካበራ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀዋለች። እስኪ አሁን ይህ ምን ይባላል? ሰው እንዲህ ሆኖ አይፈጠርም፣ ኑሮ ነው እንዲህ አድርጎ የሚሠራው። እንዴት እንደተሠራች ልንገራችሁ።

ደርግ በወደቀ ማግስት ባሏ ንብረት እዚህ የመንግሥት መኪና ሾፌር ሆኖ ሲቀጠር ከጎፋ ተከትላው መጣች። ያን ጊዜ መብራት የሚባለው በጄኔሬተር የሚመጣ ነው፤ ሲመሽ ይነሳል፣ ሰው እራቱን በልቶ እጁን ሳይታጠብ ይጠፋል። ቆጣሪ ያለው ስንቱ ነበር? አከራይ ከተከራይ የሚቀበለው በአምፖል ነው፤ አንድ ያለው የአንድ፣ ሁለት ያለው የሁለት። ንብረት ቤት ሠርቶ ትርፍ ክፍሎቹን ሲያከራይ ሙሉሽም በዚሁ ሕግ አምፖል ቆጠረች። ኋላ ጄኔሬተሩ ቀርቶ መብራት በዋናው መስመር ገባ፣ ግድግዳዋ ላይም ቆጣሪ ተሰቀለ። ሕጉ ግን ከጭንቅላቷ አልወጣም። የሚበላው የሚበራው ነው፤ የማይበራ ነገር ምንም አይበላም። አለቀ! ይህን ለማስለወጥ የሞከረ ሁሉ ተሰድቦ ሄዷል።

በእምነት የምትባለው ተከራይ የመጣችው ባሏ ንብረት ከሞተ በኋላ ነው። ከጨንቻ ደጋ ሥራ ፍለጋ የወረደች ልብስ ሰፊ ናት፤ ጴንጤ፣ ዝምተኛ፣ አንገቷን ደፍታ የምትሠራ። የጓሮውን ክፍል ስትከራይ እርጉዝ ነበረች። የልጁ አባት የት እንደገባ ሙሉሽ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀቻትም፤ ይህን እመሰክርላታለሁ፣ ክፋቷን ብቻ አልናገርም። አራስ ቤት ገንፎውን ያገነፋችው ሙሉሽ፣ ሕፃኗን ያጠበችው ሙሉሽ፣ ኤልዳና ብለው ስም ሲያወጡላት እልል ያለችውም ሙሉሽ። ሐሙስ ሐሙስ በእምነት የሰፋችውን ተሸክማ ቀይ አፈር ገበያ ስትወጣ ልጅቷ የምትውለው የሙሉሽ ጀርባ ላይ ነው። አፏን ስትፈታም «እማ ሙሉ» አለቻት።

ሙሉሽ የወለደችው አንድ ወንድ ልጅ አላት፣ አብነት። አርባ ምንጭ አግብቶ እዚያው ቀርቷል፤ ለዓመት በዓል ይደውላል፣ እሱንም ሚስቱ ካስታወሰችው። እንግዲህ በዚህች ምድር ላይ ሙሉሽ የምትሳሳላት አንዲት ሰው ብትኖር ኤልዳና ናት። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ከቆየች በር ላይ ወጥታ ትቆማለች። ስትመጣም «የት አባሽ ቆየሽ?» ነው ሰላምታዋ። ፍቅሯም እንደ ጠብ ነው።

አብነት ምን እንደነካው እንጃ፣ ከጥቂት ዓመት በፊት ፍሪጅ ላከላት። ከተዘጋ ሆቴል የተገዛ፣ ቁም ሳጥን የሚያህል አሮጌ ፍሪጅ በአይሱዙ ተጭኖ ከች አለ። ወይ ኩራት! ያኔ እንግዳን ቀዝቃዛ ውሃ ካላጠጣሁ ብላ ሞተች። የበሩ ጎማ ስለተሰነጣጠቀ አይገጥምም፣ በገመድ ታስረዋለች። ያስቀመጠችው ደግሞ የቆርቆሮ ማድ ቤት ውስጥ፣ ከከሰል ምድጃው ጎን ነው። ፀሐዩ ከላይ፣ ከሰሉ ከጎን፤ ፍሪጁ ቀኑን ሙሉ እያላበው ያቃስታል። በሩ ሲከፈት ቦግ የምትል ትንሽ አምፖል ውስጡ ነበረች። ሙሉሽ እሷን ስታይ ክው አለችና ፈትታ ጣለቻት። ፍሪጁ ጨለመ፤ እሷም ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍሪጁ ጾመ ብላ አረፈችው።

የመብራት ቢሉ ግን ወጣ፣ ወጣ፣ አሁንም ወጣ። ሙሉሽ አበደች።

የፊት ለፊቱን ክፍል የተከራየው ዕዝራ የሚባል የዞን ሠራተኛ ነበር፣ ከጎንደር ተመድቦ የመጣ። ሰው አክባሪ ነው፣ ግን ማስረዳት ይወዳል፤ ጥፋቱ እሱ ነው። ቢሉን ተቀብሏት በጣቱ እያሳየ፣ «ወይዘሮ ሙሉሽ፣ ይሄ ያለፈው ንባብ ነው፣ ይሄ የአሁኑ። ልዩነቱ የተጠቀምነው ነው። ደግሞ ብዙ በተጠቀምን ቁጥር የአንዱም ኪሎዋት ዋጋ ከፍ ይላል። ሦስት ቤት በአንድ ቆጣሪ ስንጠቀም የሁላችንም ተደምሮ አንድ ትልቅ ተጠቃሚ ያስመስለናል። ለየብቻ ብናስገባ ሁላችንም ይቀለናል» አላት።

«ለየብቻ?» አለች ሙሉሽ፣ ወገቧን ይዛ። «ነገ ደግሞ በሩን ለየብቻ፣ ከነገ ወዲያ ቤቱን ለየብቻ በለኛ! ያን ቴሌቪዥን ስታስጮህ እያመሸህ እኔን ሒሳብ ታስተምረኛለህ?»

«ቴሌቪዥኑ እኮ ያን ያህል አይወስድም።»

«አይወስድም? ግድግዳውን ሁሉ ሰማያዊ አድርጎት እያየሁ?»

ዕዝራ ሳቀ። ምን አሳቀው! በማግሥቱ ኳስ ተጀምሮ ልክ ሰው ጎል ሊያገባ ሲል ሙሉሽ ዋናውን ማብሪያ ቀጭ አደረገችው። በሌላም ቀን እንዲሁ። ሦስተኛ አልጠበቃትም፤ ዕቃውን በባጃጅ ጭኖ የራሱ ቆጣሪ ያለው ቤት ገባ። «መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ!» አለችው ከበሩ ሆና። ምርቃት እንዳይመስላችሁ።

ዕዝራ ሄዶም ቢሉ ዝቅ ያለው በመጠኑ ነው። ሙሉሽ ቁጭ ብላ አሰበች። ቴሌቪዥኑ የለም። የቀረነው እኔና በእምነት ነን። እኔ ራሴን አውቃለሁ። እንግዲያው ሌባ አለ!

ያን ጊዜ ኤልዳና አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፣ የመልቀቂያ ፈተናዋ ደርሷል። እናቷ በፔዳል መኪናዋ ስትሰፋ እሷ በአንዲት አምፖል ሥር ታነባለች። ሙሉሽ በመጀመሪያ ያቺን አምፖል ጠረጠረች፤ ግን ኤልዳና ናት የምታነብባት፣ ጨክና ማጥፋት አቃታት። ስለዚህ ሌላ ነገር ፈለገች። የፈለገ ደግሞ አያጣም። አንድ ሳምንት ሙሉ ከበእምነት ቤት የከሰል ጭስ አልወጣም። «በምን ታበስላለች ታዲያ? በስቶቭ ነዋ! ደብቃ ገዝታለች!» አለች። በእምነት የምታበስለው ስላልነበረ ነው ጭስ የጠፋው። ለልጇ ፈተና ጾም ጸሎት ይዛ፣ ልጅቷን ጎረቤት እያበላች፣ እሷ በውሃ ነበር የምትውለው። መጠየቅ ምን ያስከፍላል? አፍ አለ፣ ጆሮ አለ፣ በሩ አጠገብ ለአጠገብ ነው። ሙሉሽ ግን መጠየቅን ትታ፣ እናትና ልጅ ጸሎት ቤት በሄዱበት ገብታ ቤቱን በረበረች። አልጋ ሥር፣ ጨርቅ ሥር፣ ከበርሜሉ ኋላ ፈለገች። ስቶቭ የለም። ንጹሕ ናት አላለችም፤ «አርቃ ደብቃዋለች» አለች እንጂ።

እሑድ ከሰዓት የእድር ስብሰባ ነበር። የአባላት ስም ተጠርቶ እንዳለቀ ሙሉሽ ተነሣች። ሰብሳቢው አቶ ገብረ ማርያም ለቅሶ ያለ መስሏቸው ዝም አሰኙላት። እሷ ግን እሳት ጎርሳ ነው የቆመችው።

«ቤቴ ሌባ አስገብቻለሁ!» አለች። «ጌታ ጌታ እያለች በስቶቭ መብራቴን የምትግጠኝ! ያቻትላችሁ፣ እዚያ ተቀምጣለች!» ብላ ጣቷን በበእምነት ላይ ቀሰረች።

በእምነት ተነሥታ «እትዬ ሙሉሽ፣ ስቶቭ የለኝም፤ የጾም ሳምንት ነበር» አለች። ድምፅዋ ከፊቷ ካለው ሰው አላለፈም። ሙሉሽ ስትጮኽ አየር ማረፊያው ድረስ ይሰማል። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ ያን ቀን አመለጣት፣ መሰብሰቢያም አልነበረውም።

ልብስ ሰፊን ሌባ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ? ሰው አዲስ ጨርቁን ሰጥቷት የሚሄደው ስለሚያምናት ነው፤ ስንት ክንድ ገባ፣ ስንት ቁራጭ ተረፈ የሚያውቀው እሷ ብቻ ናት። «ከመብራት የሰረቀች ከጨርቅ ትመለሳለች?» ተባለ። ለሰርግ የሰጡ መጥተው ሳይሰፋ ወሰዱ። የዩኒፎርም ሥራ ሊሰጣት የነበረውም ሰው ቀረ።

ከዚያ ሙሉሽ የመጨረሻውን አደረገች። ረቡዕ አመሻሽ ላይ ፒንሳ ይዛ ወጥታ ወደ ጓሮ ክፍል የሚሄደውን ሽቦ ቆረጠችው። ኤልዳና ደብተሯን እንደያዘች ብቅ አለች።

«እማ ሙሉ፣ ፈተናዬ እኮ ደርሷል።»

«እናትሽን ጠይቂያት!»

«እኔ አንቺን ነው የጠየቅሁሽ» አለች ልጅቷ።

እውነቴን ነው፣ ያን ጊዜ ሽቦውን መልሳ ብትቀጥለው ይሻላት ነበር፤ እጇም ዳድቶት ነበር። ግን እልኸኛ ናት፣ ፊቷን አዙራ ገባች። ቅዳሜ እናትና ልጅ ዕቃቸውን በጋሪ ጭነው ወጡ። የስፌት መኪናዋን ኤልዳና በአንድ ወገን ይዛ ነበር። ዞራ አላየችም።

ግቢው ጭር አለ። ሙሉሽ ብቻዋን ቀረች፤ በአንዲት አምፖል፣ እሷንም እያጠፋች። በርበሬ ስትደልዝ እንኳ የምትሰድበው ሰው አጣች። ማታ ማታ «ኤልዱ» ብላ ትጣራና ታፍራለች። ይሁን፣ ቢሉ ሲወርድ እውነቱ ይወጣል ብላ ራሷን አጽናናች።

ቢሉ መጣ። አልወረደም።

የመብራት ቢሮው መስኮት ላይ ደርሳ የጮኸችውን ጩኸት እዚህ አልደግመውም። «ለአንዲት ባልቴት ይሄ ሁሉ? ማን አለና ነው? ጅን ነው የሚያበራው?» እያለች መስኮቱን ደበደበች። ሒሳብ የምትቀበለው ሴት ስድብ ለምዳለች፤ እስክትጨርስ ጠብቃ፣ «እናቴ፣ ቤት ይሂዱና ያለውን ሁሉ ይንቀሉ» አለቻት። «ቆጣሪው ላይ ቀይ መብራት አለች አይደል? ምንም ካልተሰካ መጥቀሷን ታቆማለች። ካላቆመች አንድ ሰው ከእርስዎ ላይ ጠልፏል። ካቆመች ግን አንድ አንዱን እየሰኩ ይዩ። ቶሎ ቶሎ የሚያስጠቅሳት እሱ ነው የሚበላብዎ።»

ጠልፏል የምትለዋን ብቻ ይዛ በደስታ እየበረረች ተመለሰች። ያቺ በእምነት የተቀበረ ሽቦ ትታለች፣ እሱን አግኝቼ እድሩ ፊት እዘረጋዋለሁ አለች። ሁሉንም ነቀለች፣ አጠፋች። ቆጣሪው ፊት በርጩማ አምጥታ ተቀመጠች። ቀይዋ መብራት ዝም አለች። ጠበቀች፤ አሁንም ዝም። የጠለፈ የለም።

አምፖሏን አበራች። ቀይዋ እንቅልፍ እንደያዘው ሰው አንዴ ጨፈን ገለጥ አለችና መልሳ ዝም አለች። ሙሉሽ ተናደደች፤ በቤቱ ያለውን አምፖል ሁሉ፣ ባዶ የቀሩትን የተከራይ ክፍሎች ሳይቀር፣ አበራች። በእድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ግቢዋ በጠራራ ፀሐይ ቦግ አለ። ቀይዋ ትንሽ ነቃ አለች እንጂ አልተጣደፈችም። ሁሉንም አጠፋችና ማድ ቤት ገብታ፣ እንዲያው ነገሩን ለመጨረስ ያህል፣ ፍሪጁን ሰካችው።

ፍሪጁ አቃሰተ። ቀይዋ መብራት ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች። ሞተሩ ትንሽ ሠርቶ ያርፋል ብላ ጠበቀች። አላረፈም። በዚያ በማይገጥም በር ቅዝቃዜው እየወጣ፣ የከሰሉና የቆርቆሮው ሙቀት እየገባ፣ ከየት ያርፋል? ገመዱን ፈትታ በሩን ከፈተችው። ውስጡ ጨለማ ነው። ጨለማ ሆኖ ነው ስንት ዘመን ሲበላ የኖረው።

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው። ሙሉሽ ማድ ቤቱ ወለል ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች። ስለ ገንዘቡ አይደለም። ዕዝራንም አላሰበችውም፣ እውነቱን ለመናገር። «ልጄን አባረርኩ» እያለች ነበር የምታለቅሰው።

በማግስቱ አፈላልጋ ሄደች። ገበያው አጠገብ አንዲት የጭቃ ክፍል ተከራይተዋል፤ መብራት የላትም። ኤልዳና ብቻዋን በር ላይ ተቀምጣ በፀሐይ ብርሃን ታነባለች። ሙሉሽ ሰላም ሳትል፣ «ፍሪጁ ነው፤ ያ ውሻ ፍሪጅ ነው የበላን» አለቻት። ሁሉንም ነገረቻት፤ በርጩማውን፣ ቀይዋን መብራት፣ አምፖሏን ፈትታ መጣሏንም ጭምር። ኤልዳና አፍጥጣ አዳመጠችና ሳቋ አመለጣት። «አምፖሉን አወጣሽው? እንዳይበላ?» ብላ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ሙሉሽም ሳቀች። ልጅቷ አንገቷን አቅፋ ሳመቻት፣ ሙሉሽ ቀንና ሌት ስታልመው የነበረው ይሄንኑ ነው።

በእምነት ውሃ ተሸክማ ስትመለስ እንዲህ ተቃቅፈው አገኘቻቸው። ጀሪካኑን አስቀመጠች። ሙሉሽ ነገሩን ደገመችላትና «ፍሪጁን እሸጠዋለሁ፤ ሽቦውንም አስቀጥያለሁ፤ በሉ እንሂድ» አለች።

«እትዬ ሙሉሽ፣ አልተቀየምኩም» አለች በእምነት። «ለኤልዳና እናት ነዎት፣ አልክድም። ሌባ ያሉኝ ግን እዚህ ቤት አይደለም። እዚያ እድሩ ፊት ነው። አሁን ለእኔ የነገሩኝን እዚያው ይንገሩልኝ። ከዚያ እንመጣለን።»

«እነግራለሁ! ምን ገዶኝ!» አለች ሙሉሽ። ስትምል ከልቧ ነበር።

«እሷ ካለች ታደርገዋለች» አለች ኤልዳና እናቷን እያየች።

የእድሩ ቀን ደረሰ። ኤልዳናም እናቷን ተከትላ መጥታ ከኋላ ቆመች። የሰው ስም ተጠርቶ ሲያበቃ ሙሉሽ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች።

«ባለፈው ስለ መብራት ነገር ተናግሬ ነበር» አለች። «በእምነትን... ሌባ ብያት ነበር።» ጉሮሮዋን ጠረገች።

«አዎ፣ ሌባው ተያዘ እንዴ?» አለች አለምነሽ። ይህች አለምነሽ ጎረቤት ናት፤ ከሙሉሽ ጋር ከድሮ ጀምሮ ዐይንና ናጫ ናቸው። «ያ አቃሳች ፍሪጅሽ እንዳይሆን ብቻ!»

ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። አለምነሽ መቀለዷ ነበር፤ ምንም የምታውቀው የለም። ሙሉሽ ግን ራቁቷን የቆመች መሰላት። ይህችን አለምነሽን ዕድሜ ልኬን ላስቃት? አንዲት ቃል ነበረች የቀረቻት፣ «አዎ» ማለት ብቻ። ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ አለች።

«ለማለት የፈለግሁት» አለች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «ሰው ነን፣ ሁላችንም እንሳሳታለን። በእምነት፣ የሆነው ሆኗል። እኔ ይቅር ብያታለሁ።»

እድሩ አጨበጨበ። አቶ ገብረ ማርያም ዐይናቸው እንባ አቀረረ፤ «ይሄ ነው ክርስትና! እግዚአብሔር ይባርክሽ ሙሉሽ! በይ አንቺም በእምነት፣ ተነሺና አመስግኛት፣ ሳሚያት!» አሉ። ከግራ ከቀኝ ያሉት ሴቶች በእምነትን ክንዷን ይዘው አስነሧት፤ ይቅርታ እንደተደረገላት ሰው እየገፉ ወደ ፊት አመጧት። በእምነት ሙሉሽን አየቻት። ጎንበስ ብላ ትከሻዋን ሳመችና ወደ በሩ ሄደች።

ኤልዳና ቀረት አለች። ሰዉ መንገድ ለቀቀላት። ሙሉሽ እጇን ዘረጋች፣ «ነይ ልጄ» አለች። ልጅቷ ቀረብ ብላ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ወደ ጆሮዋ ተጠጋች።

«አትፍሪ» አለቻት። «የፍሪጁን ነገር ለማንም አልናገርብሽም።»

ከዚያ እናቷን ለመድረስ ፈጠን ብላ ወጣች። ሴቶቹ ሙሉሽን ከበው እያመሰገኑ ይስሟት ነበር።